እኩለ ቀን ላይ የማይገባ ዓመት

በርገን፣ ኖርዌይ
ኖቬምበር 4 ቀን 1996

ለእማማ ካሲልዳ፣ ሞንታልባ፣ ስፔን

አስቀድሜ ለጥያቄዎ መልስ ልስጥ። አዎ፣ ጸጉሬን ሳላደርቅ እወጣለሁ። አይ፣ ሳንባዬን አላመመኝም። በርገን ውስጥ ዝናብ ያልነካው ጸጉር ያለው ሰው ካገኘሁ ዩኒቨርሲቲያችን ለምርምር እንዲወስደው አመለክታለሁ። ምሳዬንም እበላለሁ። እርስዎ ምሳ የሚሉት ዓይነት አይደለም፤ ዳቦ ላይ አይብ ነው። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ እንዴት እንደሚኮማተር ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

እውነቱን ልንገርዎትና ተቀይሜዎት ነበር። ከኦገስት ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፉልኝም። አሁን የደረሰኝ ደግሞ ግማሽ ገጽ ነው፤ እሱም ፊደሉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። «እስክሪብቶው ነው» ብለዋል። እሺ፣ እስክሪብቶው ይሁን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም። ገናን ሰሜን ኖርዌይ፣ ቡዶ ከተማ ከአባቴ ጋር አከብርና በማግስቱ ባቡር እይዛለሁ። አባቴ አኩርፏል። «አንድ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ብለሽ ሰው ቤት ተቀምጠሽ መጣሽ፣ ደግሞ ምን ረስተሽ ነው?» ይለኛል። ምን እንደረሳሁ እርስዎ ያውቃሉ።

ባለፈው ዓመት እርስዎ ሰገነት ላይ ዓመቱ ሲለወጥ በየደወሉ ምት አንድ አንድ የምትበሉትን አሥራ ሁለት የወይን ፍሬ በሰሃን ይዤ ቆሜ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ደወል ሲጀምር አንዱን ጎረስኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ፣ አራተኛው ላይ እርስዎ «ትፊው!» ብለው መንገዱን በጩኸት አናወጡት። ለካስ ሰዓቱ ገና አልጀመረም። ለማስጠንቀቂያ ቀድመው የሚደወሉት አራቱ የሩብ ሰዓት ምቶች፣ ሩቦቹ፣ ነበሩ። እውነተኛዎቹ አሥራ ሁለት ምቶች ሲመጡ ሰሃኔ ላይ የቀረው ስምንት ፍሬ ብቻ ነው። «ዓመቱ በሩን ሳይከፍትልሽ ገባሽበት፤ እንግዲህ ሲያንገዳግድሽ ይከርማል» አሉኝ። አንገዳገደኝ። ሁለት ፈተና ወደቅሁ፤ ፍቅረኛዬ ላርስም ጥሎኝ ሄደ። ላርስስ እንኳን ሄደ። ዘንድሮ ግን በትክክል ልበላ ነው። ጁን ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኝተው «በቀኜ ቆመሽ ትበያለሽ» ብለው ያስማሉኝ እርስዎ ነዎት።

ከበሩ በላይ ያለችውን፣ መስኮቷ ወደ ደወሉ የሚያየውን ክፍሌን ያሰናዱልኝ። ልጅዎ ፌርሚንስ ከማድሪድ ይመጣል? ፊት ለፊት ያለችው ዳቦ ጋጋሪዋ ኡርባና አሁንም መንገድ ለመንገድ ትጣራለች? የሰገነቱ አበቦችስ?

ሁለቱንም ጉንጭዎን የምትስም፣
ቱርዲስ


ሞንታልባ
ኖቬምበር 15 ቀን 1996

ለተወደድሽ ቱርዲስ፣

መልካም ደብዳቤሽ ደርሶኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። ለአባትሽና ለዘመዶችሽ ሁሉ ጤናና ሰላም እመኛለሁ።

ስለመምጣትሽ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ስለ አሳቢነትሽ አመሰግናለሁ። ለዘንድሮ ግን ብትተዪው ይሻላል። ክፍልሽ ቀለም እየተቀባች ነው። እኔም በዓሉን ማድሪድ ፌርሚን ዘንድ ሳላሳልፍ አልቀርም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አባትሽም ማኩረፋቸው ልክ ነው። ልጅ በበዓል ከአባቷ ጋር ስትሆን ያምራል።

ኡርባና ደህና ናት። አበቦቹም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ በኡርባና ዳቦ ቤት በኩል ይሁን። ፖስተኛው አዲስ ስለሆነ ቤት ይስታል። ጽሑፌ የተንጋደደው በብርዱ ምክንያት ስለሆነ አትጨነቂ።

አሥራ ሁለቱን ፍሬ እዚያው አገርሽ ብዪ። ወይን የትም ወይን ነው።

አክባሪሽ፣
ካሲልዳ


በርገን
ኖቬምበር 27 ቀን 1996

እማማ ካሲልዳ፣

ይህንን ደብዳቤ የጻፈው ማን ነው?

አንድ ዓመት ሙሉ ስኖር አንድ ቀን እንኳን በትሕትና አናግረውኝ አያውቁም። ጠዋት «ተነሺ አንቺ የበረዶ ግንድ» ይሉኝ ነበር። ማታ «ይህን ሳትጨርሺ ከገበታዬ ብትነሺ ከነሰሃኑ አሸክምሻለሁ» ይሉኝ ነበር። አሁን «ስለ አሳቢነትሽ አመሰግናለሁ»! «አክባሪሽ»!

ቀለም? በብርድ ወቅት ቀለም የሚቀባ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እስክሪብቶው ደግሞ አሁን ብርድ ሆነ። በዓልን ማድሪድ? «ማድሪድ አየር አይደለም የሚተነፍሰው፣ ሰው ነው» እያሉ ለሠርግ እንኳን ሁለት ሌሊት አላድርም ያሉ ሴት? ከሁሉም ግን አበቦቹ ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ። ደህና ናቸው ብለው ያምናሉ። ለምን ያምናሉ? ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚያጠጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሰው ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር ያያል እንጂ ያምናል?

ወይን የትም ወይን አይደለም። ይህን ቃል ከአፍዎ ያወጣ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ይቅርታዬ ግን ስለ አነጋገሬ ነው፣ ስለመምጣቴ አይደለም። ቲኬቱን ገዝቻለሁ፤ የማይመለስ ነው። እውነቱን ካልነገሩኝ ኡርባናን እጠይቃታለሁ። ኡርባና ደግሞ ምስጢር ስትይዝ እንዴት እንደምትሆን ያውቃሉ፤ ለኔ ከመንገሯ በፊት ለግማሽ ከተማ ታዳርሰዋለች። ይምረጡ።

ቱርዲስ


ዲሴምበር 6 ቀን 1996

ለዚያች እልኸኛ፣

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንቺ ደግሞ ወረቀት የያዘች ሞኝ ነሽ። እንግዲህ ስሚ።

ሞንታልባ አይደለሁም። ሳላማንካ ከተማ ውስጥ፣ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነኝ። ደብዳቤሽን የምታደርስልኝ ኡርባና ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ስትመጣ ከዳቦው ጋር ትሰጠኛለች። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ልብስ የሞላ ቅርጫት ይዤ ከደረጃው ወደቅሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። መነሳት አቅቶኝ እዚያው ደረጃው ሥር ነጋብኝ። ጠዋት መስኮቴ አለመከፈቱን አይታ ኡርባና ገብታ አገኘችኝ። ይህን ነገር ከዛሬ በኋላ እኔም አላነሳውም፣ አንቺም እንዳታነሺው።

ፌርሚን ከማድሪድ እየበረረ መጣ። አለቀሰ። «እማ፣ እጅሽ እስኪድን ብቻ» አለኝ። እጄ ዳነ። «ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ» አለኝ። አሁን ደግሞ በሦስቱ ነገሥታት በዓል ማግስት፣ ጃንዋሪ 7 ቀን፣ ቤቱን የሚገዛ ሰው ሊያሳይ ነው። ቤቱ የኔ ነው፤ እኔ ካልፈረምኩ አንዲት ጡብ አይነኩም። አልፈረምኩም። ግን ያ ልጅ ሲለማመጥ አታውቂውም። እጄን ይዞ፣ «እማ፣ ቤቱ እኮ ሞቷል፤ ብርዱ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል፣ ጭስ ማውጫው ተደፍኗል፣ ከእንግዲህ ሰው አይኖርበትም» ይለኛል። ከወጣሁ ጀምሮ ባላየሁት ቤት ላይ ምን ብዬ ልከራከረው? አንዳንድ ማታ ልፈርምለትና ዝም ይበል እላለሁ። ያችን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ እንዲህ ባለ ማታ ነው። የጻፍሽልኝ ስድብ ደርሶኛል፤ ይገባኛል።

አዝናለች ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። አላዘንኩም፣ ተናድጃለሁ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

እንዲያውም ያናደደኝን ልንገርሽ። እዚህ የዘመን መለወጫ የሚከበረው ቀን ነው! በጠራራ ፀሐይ! እኩለ ቀን ላይ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ይሰበስቡናል አሉ። ልጣጩ የተላጠ የቆርቆሮ ወይን በኩባያ ይታደለናል። አለቃዋ እማሆይ ድስት በማንኪያ አሥራ ሁለት ጊዜ ትመታለች። ከዚያ መልካም አዲስ ዓመት ተባብለን ወደ ሾርባችን። ማታ በሦስት ሰዓት መብራት ይጠፋል። «ማምሸት አይበጃችሁም» ትላለች። «እማሆይ፣ ዓመቱ እኩለ ቀን ላይ በየት በኩል ሊገባ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና እንደ ሕፃን ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገችኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው! ባሌ አንሴልሞ በሞተ ዓመት እንኳን፣ ከል ለብሼ፣ ሰገነቴ ላይ ቆሜ በደወሉ በልቻለሁ። እኔ በድስት ዓመት አልገባም። የት አባቱ!

እንግዲህ የምትመጪ ከሆነ ለማልቀስ እንዳትመጪ። ወፍራም ጫማ አድርጊ። እዚህ በሩ የሚከፈተው ዘመድ መጥቶ ሲያስወጣ ብቻ ነው። የልጅ ልጇ ነኝ በዪ። በዚህ ቁመቴና በዚህ ገብስ በመሰለ ጸጉሬ ማን ያምነኛል እንዳትዪ። ፌርሚን በወጣትነቱ ሰሜን አገር ሄዶ ሠርቶ ነበር እላቸዋለሁ። የቀረውን ለሚስቱ እሱ ያስረዳ።

ስለ ወይኑ ከኡርባና ጋር ተነጋግሬያለሁ።

ካሲልዳ


ኤንዳይ፣ የፈረንሳይና የስፔን ድንበር ላይ ያለው ባቡር ጣቢያ
ዲሴምበር 29 ቀን 1996

እማማ ካሲልዳ፣

ይህ ካርድ ከኔ በኋላ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ላሉኝ ነገር መልሴ እሺ ነው፤ እዋሻለሁ። የአባቴም ነገር ይኸው። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ራሱ ያደረቀውን ዓሣ አምጥቶ ሻንጣዬ ላይ አሰረው። «ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቆሞ ማየት ነውር ነው» አለኝ። ከኦስሎ ጀምሮ የተሳፈረ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያየኛል። አልጣልኩትም።

ጥቁሩን ካፖርትዎን ይልበሱ።

ቱ.


በርገን
ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ለእማማ ካሲልዳ፣

በየትኛው ቤት እንደሚያነቡት ስላላወቅሁ ይህንንም በኡርባና በኩል ልኬዋለሁ። እንደ ድሮው ፊት ለፊት ተሻግራ ትስጥዎት፣ ወይስ ሐሙስን ጠብቃ አውቶቡስ ትሳፈር፣ አላውቅም። ይህን አለማወቄ ነው ያሳመመኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። የነገሥታቱ በዓል ሳይደርስ፣ ያ ገዢ ሳይመጣ ጥዬዎት መሄድ አልነበረብኝም። «ፈተናሽን ትተሽ እዚህ ብትቀሪ በገዛ እግሬ መጦሪያው እመለሳለሁ» ብለው ባያስፈራሩኝ ኖሮ አውቶቡሱ ላይ አልወጣም ነበር። ፈተናውን አለፍኩ። ስለ ፈተናው ይህን ያህል ይበቃል።

ለአባቴ ነገሩን ስነግረው ሦስት ጊዜ ያስደገመኝ የእማሆይዋን ነው። የልጅ ልጅዎ ነኝ ስላት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ እኔ አገሬ ያለውን ውርጭ ሁሉ እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ፤ እሷ ግን «አፍንጫዋ ቁርጥ የፌርሚን ነው» አለችና በሩን ከፈተችልን። ታውቅ ነበር አይደል? አሁን ሳስበው ታውቅ ነበር። አባቴ «እንዲህ ያለች መነኩሴ እኛም አገር ብትኖር ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር» ብሏል።

ሞንታልባ ቤትዎ ስንገባ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያገኘነው የወፍ ጎጆ እንጂ ሞት አልነበረም። ይህን ለፌርሚን ይንገሩልኝ። አበቦቹ ግን ደርቀው ነበር። እርስዎ ግንዱን በጥፍርዎ ጫር አድርገው ውስጡ አረንጓዴ መሆኑን አዩና ወዲያው «ሂጂ ውሃ አምጪ» አሉኝ። ማልቀስ ባይከለክሉኝ ኖሮ እዚያ ጋር ነበር የማለቅሰው።

መብራቱን ስናበራ ደግሞ መንገዱ ሁሉ መስኮት በመስኮት ሆነ። ከታች «ካሲልዳ ነሽ ወይስ ሌባ?» ብሎ የጮኸው ማን ነው? እርስዎ «ሌባውማ ማድሪድ ነው ያለው!» ሲሉት ኡርባና ትሪዋን ልትጥል ነበር። ከዚያ የፍም ማሞቂያው እግራችን ሥር፣ ብርድ ልብስ ጉልበታችን ላይ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ማድሪድ ስትጨፍር፣ እርስዎ አጠፉት። «የማድሪድ ዓመት የማድሪድ ነው። የኛ ገና ነው» አሉኝ።

አሁን እዚያ እያለሁ ያልደፈርኩትን ልጠይቅ። እኩለ ሌሊት ላይ ሰገነቱ ላይ በቀኝዎ ቆሜ ነበር። ደወሉ ጀመረ። ሩቦቹ መሆናቸውን ስላወቅሁ አፌን ገጥሜ ጠበቅሁ፤ ዘንድሮ አልሳሳትም ብዬ። ዘወር ስል እርስዎ ይበላሉ። በመጀመሪያው ሩብ አንድ፣ በሁለተኛው አንድ፣ እስከ አራተኛው ድረስ። «ይትፉት» ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያኔ እኔ ላይ እንዲያ የጮኹት ሴት! ከደወሉ ርቀው ስለከረሙ ጆሮዎ ረስቶት ይሆን ብዬ ሆዴ ባባ። ደግሞም ፌርሚን እውነቱን ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። በመንገድ ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

ቤትዎ ነዎት? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

የልጅ ልጅዎ፣
ቱርዲስ


ሞንታልባ፣ ቤቴ
ጃንዋሪ 24 ቀን 1997

አንቺ የበረዶ ግንድ፣

ከላይ የጻፍኩትን አንብበሽዋል፤ ስለዚህ ተንፍሺ።

ፌርሚን ባለው ቀን መጣ፣ ሰውየውንም ይዞ። ወሬው ቀድሞት ማድሪድ ስለደረሰ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፣ ሽርጤን አድርጌ። የአባትሽ ዓሣ ከድንች ጋር ምድጃው ላይ ነበር። ሁለት ቀን ዘፍዝፌዋለሁ፤ ከሰሜን ከመጣው ነገር ሁሉ ተለምኖ ድርቅናውን የተወው እሱ ብቻ ነው ብላለች ብለሽ ለአባትሽ ንገሪልኝ።

ገዢው ጨዋ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ቤቱን ሁሉ አሳየሁት። የሚያፈሰውን ጣሪያ አሳየሁት፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አሳየሁት፤ ሰው አላታልልም። «የሚሸጠው ከነዕቃው ነው» አልኩት። «ዕቃው ምን ምን ነው?» አለኝ። «እኔ ነኛ!» አልኩት። አንድ ሰሃን ሙሉ በልቶ፣ እጄን ስሞ ሄደ። ሲመለስ አላየሁትም።

ከዚያ ፌርሚን ጮኸ። ያሳደግኩት ልጅ እንዲህ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። «ደረጃው ሥር ያገኙሽ ዕለት ስልኩን ያነሳሁት እኮ እኔ ነኝ! እናትህ ወድቃ አደረች ያሉት እኔን ነው! ያን ስልክ ሁለተኛ ማንሳት አልችልም፣ እማ፣ አልችልም!» አለኝ። አራት ወር ሙሉ ስለ ብርድና ስለ ጭስ ማውጫ ሲነዘንዘኝ ከርሞ፣ ለካ ልጄ የፈራው ስልኩን ነው። «እንዲያ አትለኝም ኖሯል?» አልኩት። «እኔም እኮ እፈራለሁ። ግን ከቤቴ ሆኜ ልፍራ። እዚያ ያለው ፍርሃት የኔ እንኳን አይደለም፣ የጋራ ነው።» ዓሣውን አቀረብኩለት። ሁለቴ አስጨመረ። ያንን አፍንጫውን እያየሁ እማሆይ ያለችው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፣ እሱም ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀ።

ከበላ በኋላ ሽቅብ ወጣ። አልጋዬን ፈታታው። በዚያ ደረጃ ላይ አንዷን እንጨት ከአንዷ እያስከተለ፣ እንደ አባቱ እያንጎራጎረ አወረደና አንሴልሞ ጫማ ይሰፋበት የነበረው ክፍል ውስጥ ገጠመው። አሁን የምተኛው እዚያ ነው። ቆዳው አሁንም ይሸታል፤ ደህና እንቅልፍ አለው። እኔም በበኩሌ ከእንግዲህ ያን ደረጃ ላልወጣ ማልኩለት። ከባድ መሐላ ነው፣ ቱርዲስ። ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ገበታው ላይ ትቶልኝ ሄደ። ኡርባናም መስኮቴን እንደ ድሮዋ ታያለች፤ ትንሽ ካረፈድኩ መንገዱን በጩኸት ትሞላዋለች። አስመርራኛለች። አትተይው እላታለሁ።

ስለዚህ ክፍልሽ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ብቻ ናት። እኔ አልደርስባትም። አንሶላሽን ራስሽ ታነጥፊያለሽ፣ አቧራሽን ራስሽ ታራግፊያለሽ። ቀለም አልተቀባችም። አበቦቹ አንድ ቅጠል አውጥተዋል፤ ይህንን አላምንም፣ አይቼዋለሁ።

አሁን የቀረው የወይኑ ነገር ነው። ጆሮዋ ረሳ ብለሽ ሆድሽ ባባ? ያንን ደወል ተቀብሬም አልስተውም። የአንቺን ሰሃን ብቻ ከምታዪ የኔንም ብትቆጥሪው ኖሮ አሥራ ስድስት ፍሬ ነበረው፤ ቆጥሬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለቱ ለመጣው ዓመት ነው። አራቱ ሴፕቴምበር፣ ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ናቸው።

አልተሳሳትኩም፣ ልጄ። የወሰዱብኝን ነው ያስመለስኩት።

አያትሽ፣
ካሲልዳ